የባንያኑ ግንባርና የእስኪደርቅ ሸንጎ

ከይፋት ተረተር ቁልቁል ተወርዶ፣ የማሽላው እርሻ አልቆ የቆላው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ እስኪደርቅ የሚባል ቦታ አለ። «ምኑ እስኪደርቅ?» ብሎ የማይጠይቅ መንገደኛ የለም። የአገሩ ሰው ግን ለዚህ ጥያቄ ቆሞ አይመልስም፤ መጀመሪያ እንግዳውን ያስቀምጠዋል፣ ውኃ ያቀርብለታል፣ ከዚያ ጠፍጣፋውን ድንጋይ በእጁ ያሳየዋል። ድንጋዩ ሁለት በሬ የሚያስተኛ ያህል ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል፣ የምንጩም ዳር ነጭ አፈር ነው።

በዚያ አገር አንድ ሰው ተከሶ ለሽማግሌ ሲቀርብ በዚህ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ቤት ዘር የሆነች ሴት ከቆዳ ከረጢት ውስጥ የነሐስ ማተሚያ ታወጣለች። ማተሚያው ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ከኋላው መያዣ አለው፣ ፊቱ ላይ የመንኰራኵር ቅርጽ ጎልቶ ተሠርቶበታል። ሴትዮዋ ነጩን አፈር በውኃ በጥብጣ፣ ማተሚያውን ነክራ፣ በተከሳሹ ግንባር ላይ ታሳርፈዋለች። ጭቃው እርጥብ ሳለ ምንም አይታይም። ሲደርቅ ይነጣል፣ መንኰራኵሩም ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ ሽማግሌዎቹ ፍርድ አይናገሩም። በበጋ ቶሎ ነው፤ በክረምት ግን ሸንጎው እስከ ማታ ተጎልቶ የሚውልበት ጊዜ አለ። አጎራባቾቹ «የእስኪደርቅ ሰው በክረምት የማይጣላው ጭቃው አልደርቅ እያለው ነው እንጂ ጨዋ ሆኖ አይደለም» እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ነሐሱ ሕንድ አገር የተሠራ ነው ሲሉኝ እኔም በሆዴ ስቄ ነበር። ከሕንድ ተነሥቶ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል? ነገሩን ከሦስት ሽማግሌዎች በየተራ ከሰማሁ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ሦስቱ በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በዋናው ነገር ላይ ግን ቃላቸው አንድ ነው፤ እንደነገሩኝ ጻፍኩት።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን በዚያ ቦታ ኬላ ነበረ። ከባሕር የሚመጣ ግመል ጭነቱን እዚያ ያራግፋል፣ በቅሎም እዚያ ተረክቦ ወደ ደጋ ያወጣል። የዝሆን ጥርስ ግን ያለ አገሩ ገዥ ማኅተም ከኬላው ወደ ታች አይወርድም ነበር። የኬላው ሹም ባሻ ወንድይራድ የሚባል ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ፤ ድንጉጥ ነበር እንጂ፤ ገዥውን ይፈራል፣ የገዥውን መልእክተኛ ይፈራል፣ የመልእክተኛውን ፈረስ ሳይቀር ይፈራል።

አንድ ቀን ታዲያ ሠላሳ በቅሎ የዝሆን ጥርስ የጫነ ነጋዴ ማኅተም ያለበት የይለፍ ደብዳቤ አሳይቶ ቁልቁል ወረደ። ደብዳቤው ለገዥው ሲቀርብ ማኅተሙ የሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ የአንበሳው ምስል መሆን በሚገባው ቦታ ላይ መንኰራኵር የመሰለ ክብ ነገር ነበረበት። ባሻ ወንድይራድ አላየውም፤ ነጋዴው ደብዳቤውን ሲዘረጋ ከፈረሰኛ ጋር መጥቶ ስለ ነበር ባሻ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ገዥውም እንዲህ ብሎ ላከበት ይባላል፦ «ያንን ማኅተም የቀረጸውን እጅ ቆርጠህ እስከ ፊታችን ዓርብ ላክልኝ። ካልላክህ ያንተው እጅ ይበቃኛል።»

ባሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። የመጣውን ጭነት ሁሉ ያስፈታል፣ ኮርቻ ያስቀድዳል፣ ጆንያ ያስገለብጣል። ሰኞ ምንም የለም፤ ማክሰኞ ምንም የለም፤ ረቡዕም እንዲሁ። ቀኝ እጁን በግራው እየያዘ ይሄድ ጀመር፤ ሰው አይቶ ያዝንለት ነበር።

በዚያ ሰሞን ዋልጂ የሚባል አንድ ባንያን፣ የሕንድ ነጋዴ፣ በኬላው ሰንብቷል። ጨርቅና ዶቃ ይዞ ከባሕር የመጣ፣ ግመሎቹ ታመውበት የቀረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አማርኛ አያውቅም፤ የሚያናግርለት ዳውድ የሚባል የአርጎባ ነጋዴ ነበር። ያደረው በወይዘሮ ደብሪቱ ግቢ ነው። ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ለመንገደኛ ጓዳ እያከራየች ሴት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ባንያኑን ስታስገባ ጎረቤት አጉረምርሟል፤ የንስሐ አባቷም «በቤትሽ ባዕድ አምልኮ ተደርጎ ብሰማ ከቁርባን አግድሻለሁ» ብለው አስጠንቅቀዋታል።

ዋልጂ ማለዳ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ወደ ምንጩ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። ተመልሶ ከጓዳው ኋላ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ ይቀመጥና አንዲት የነሐስ ሣጥን ይከፍታል። ከአገሩ ያመጣውን ነጭ የአፈር እንክብል በድንጋይ ላይ በውኃ ይፈጨዋል፤ ከዚያ አምስት ማተሚያዎቹን አንድ በአንድ እየነከረ ግንባሩን፣ ግራ ክንዱን፣ ደረቱን ይቀባል። አንዱ ቀንድ የሚመስል የባሕር ቅርፊት፣ አንዱ አበባ፣ አንዱ ዱላ፣ አንዱ የእግር ዱካ፣ አንዱ መንኰራኵር ነው፤ ሁሉም የአምላኩ ምልክት ነው። ከተቀባ በኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ምልክቶቹ ነጭ ሆነው ከቆዳው ብቅ ይላሉ። ጸሎቱን አድርሶ ያን ጊዜ ብቻ እህል ይቀምሳል። ወደ ገበያ ሲወጣ ግን ሸሚዙን ይለብሳል፣ ግንባሩንም ይጠርጋል፤ በሌላ አገር በዚህ ምክንያት በድንጋይ ተወግሯልና።

ስለዚህ ይህን ያየ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ። መጀመሪያ ቀን አማተበች። በሁለተኛው ቀን አማትባ ደግማ አየች። በሳምንቱ ጉዳዩን ለመደችው፤ እንዲያውም ማለዳ ማለዳ ምልክቶቹ እስኪወጡ ትጠብቅ ነበር ይባላል። ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣ መሰላት።

ሐሙስ ዕለት የባሻ ሰዎች የዋልጂን ጭነት አስፈቱ። ከጨርቁ መካከል ሣጥኗ ወጣች፤ ሲከፍቷት መያዣ ያላቸው አምስት ነሐሶች በቀይ ጨርቅ ተጠቅልለው ተኝተዋል። «ማኅተም! ማኅተም!» ተባለ። ባሻ መንኰራኵር ያለበትን አንሥቶ አገላብጦ አየና ቀኝ እጁን ለቀቀው። ደስ አለው። ይህን አልደብቅለትም፤ ሰው የገዛ እጁ ሲተርፍለት ይደሰታል፣ የማን እጅ እንደሚሄድ ያን ጊዜ አይጠይቅም።

ዓርብ ጠዋት ሸንጎ ተቀመጠ። ከቆላው የተነሣ ጉም አፋፉን ሸፍኖት ነበር። ዋልጂን በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ ከፊቱ ግንድ ተጋደመ፣ ሰይፍ የያዘ ሰውም አጠገቡ ቆመ። ደብሪቱ ከሰዉ መካከል ናት፤ የንስሐ አባቷም ከእሷ ሦስት ሰው አልፈው ቆመዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ባሻ ነሐሱን ከፍ አድርጎ።

ዳውድ ባንያኑን አነጋገረና መለሰ። «ገላዬን የምቀባበት ነው ይላል፣ ጌታዬ። ለወረቀት አይደለም፤ ለጸሎት ነው።»

ሰዉ ሣቀ። በዚያ አገር ማኅተም የሚያርፈው በደብዳቤ ላይ ነው፤ በገላ ላይ ምልክት የሚደረግበት ከብት ብቻ ነው። የገዛ ቆዳውን የሚያትም ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ባሻ ግን አልሣቀም። ሰው እያየው በጥድፊያ የፈረደ እንዳይባል ፈለገና «እውነቱን ከሆነ እዚሁ ይቀባና እንይ» አለ። «ምልክቱ በገላው ላይ ከወጣ ነፃ ነው። ካልወጣ ውሸታም ነው፣ እጁን ይሰጠኛል።»

ውኃ መጣለት። ዋልጂ እንክብሉን ፈጨ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ እየነከረ ግንባሩን፣ ክንዱን፣ ደረቱን አተመ። አልተጣደፈም ይላሉ፤ የየማለዳ ሥራው ነውና። ሲጨርስ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። በግንባሩ ላይ ከውኃ በቀር ምንም የለም።

«የታለ?» አለ ባሻ።

«ይቆይ ይላል ጌታዬ፤ እስኪደርቅ ነው ይላል።»

ቆዩ። ጉሙ አልተነሣም። እርጥቡ ቀለም በእርጥቡ አየር እንዴት ይድረቅ? ባሻ ቀርቦ የሰውየውን ግንባር ትክ ብሎ አየ፤ ምንም የለም። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። «የታለ?» ዳውድም ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው ግን ዋልጂ ራሱ፣ ከዳውድ አፍ ሲመላለስ የሰማውን ቃል ይዞ፣ በተሰባበረ አንደበት «እስኪደርቅ» አለ። በአማርኛ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው ይባላል።

በዚህ መካከል ከላይ ከዳገቱ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ጉሙ ስለ ሸፈነው ፈረሰኛው አይታይም፤ የገዥው መልእክተኛ መሆኑን ግን ሁሉም ዐወቀ፤ ቀኑ ዓርብ ነው። የባሻ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ዳገቱ ያያል፣ ወደ ባንያኑ ግንባር ያያል፣ ቀኝ እጁን በግራው ይይዛል።

ትንሽ ቢቆይ ምልክቱ እንደሚወጣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የምታውቀው ደብሪቱ ብቻ ናት። አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ከንስሐ አባቷ ዓይን ጋር ገጠመና መልሳ ዘጋችው። ኮቴው ቀረበ። ደግማ ከፈተችው፤ አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ዞር ብላ አየቻት፣ አሁንም ዘጋችው። እኔ በዚህች ሴት ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ ኋላ ግን እኔስ ስንት ቦታ አፌን ይዤ ቆሜያለሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ።

«ይበቃል!» ብሎ ጮኸ ባሻ። «ምንም የለም! ቁረጠው!»

ዋልጂ ቃሉ አልገባውም፤ ሰይፉን ግን አየ። «እስኪደርቅ፣ እስኪደርቅ» እያለ ቀኝ እጁን ጎትተው በግንዱ ላይ አኖሩት። ሰይፉ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣ።

ጉሙ የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ እዚህ ሲደርሱ ሦስቱም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ፀሐይ በድንጋዩ ላይ ወጣች፤ የባንያኑ ግንባር ነጣ፣ በመካከሉም መንኰራኵሩ ወጣ። ቀጥሎ ደረቱ ላይ አበባው፣ ክንዱ ላይ ቀንዱና ዱላው። ፈረሰኛው ደርሶ ወረደና ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ፈገግ አለ። «ባሻ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ሐሰተኛው ከነማኅተሙ በታችኛው ኬላ ተይዟል። ጌታዬ እጅ እንዳይልክልኝ ብለዋል።»

መልእክተኛው የደረሰው በማግሥቱ ነው የሚሉም አሉ። መቼም ይድረስ፣ የተቆረጠው እጅ ተቆርጧል።

ያን ጊዜ ደብሪቱ ጮኸች። «በየማለዳው አየው ነበር! እንደሚወጣ ዐውቅ ነበር!»

ባሻ ዞሮ አያት። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አላት። እሱም ከዚያ በላይ ሊጠይቃት አፍ አልነበረውም።

ክንዱን በፈላ ቅቤ ነክረው ደሙን አቆሙለትና ወደ ደብሪቱ ቤት ወሰዱት። በማግሥቱ ወተት ሰጠችው፤ አልጠጣም። አጥሚት ሠራችለት፤ ፊቱን አዞረ። በሁለተኛው ቀን ዳውድን አስጠራችው።

«እሞታለሁ ብሎ ነው ወይ?» አለችው።

«አይደለም፣ እትዬ። ሳይቀባ እህል አይቀምስም፤ ሕጉ ነው። የሚቀባው ደግሞ በቀኝ እጁ ነው፤ ግራው ለዚህ አይሆንም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ይቀባዋ!»

ዳውድ አቀረቀረ። «የኛ እጅ በሱ ዘንድ ንጹሕ አይደለም። የኔም፣ የእርስዎም።»

ደብሪቱ የገዛ እጇን አገላብጣ አየች። «እኛ እሱን ስንጸየፍ፣ እሱም ለካ እኛን ይጸየፍ ኖሯል» አለችና፣ የሚያስቅ ነገር ባይሆንም፣ ሁለቱም ሣቁ ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደብሪቱ ወደ ምንጩ ወርዳ፣ እሱ ሲታጠብ እንዳየችው፣ በዚያ ብርድ ገላዋን ታጠበች። ሣጥኗን ይዛ ገብታ ከመኝታው አጠገብ ተንበረከከች። እንክብሉን ፈጨች፣ ነሐሱን ነከረች፣ ከዚያ እጇን በአየር ላይ ይዛ ቆየች፤ ሳይፈቅድላት ልትነካው አልደፈረችም። ዋልጂ አያት። ለረጅም ጊዜ አያት። እሱም ከሕጉ ጋር እየተሟገተ ነበር፤ ከራቡ ጋር ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ዝቅ አደረገላት። መንኰራኵሩን አጣማ አተመችው፤ የደረቱን ስትቀባ ግን በግራ እጁ የእጇን አንጓ ይዞ አቀናላት። ሁለቱም እስኪደርቅ ጠበቁ። ሲደርቅ ወተቱን ጠጣ።

እንዲህ እያደረገች ሰባት ዓመት ቀባችው። የንስሐ አባቷ ሰሙና ያሉትን አደረጉ፤ ከቁርባን አገዷት። «ይሁን አባቴ፤ ይገባኛል» ብላ ማተቧን ሳትበጥስ፣ እሁድ እሁድ ከደጀ ሰላም ውጭ ቆማ እያስቀደሰች፣ ማለዳ ማለዳ መቀባቷን ቀጠለች። ከአገሩ የመጣው እንክብል በሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ከምንጩ ዳር ነጩን አፈር አምጥታ አሳየችው። አሸተተው፣ በጣቱ አደቀቀው፣ እጁ ከተቆረጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ፤ ከዚያ በኋላ መቀባቱ በእሱ ሆነ።

ባሻ ወንድይራድ ሹመቱን ለቀቀ። ማንም ሳያዘው ማለዳ ማለዳ መጥቶ ከደብሪቱ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ዳውድ ወጥቶ «ደረቀ» እስኪለው አይነሣም። ግባ ብሎት የሚያውቅ የለም፤ እሱም ልግባ አላለም። ከመሞቱ በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቦታ በሰው ላይ የሚፈረድ ፍርድ በግንባሩ ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ እንዳይነገር አስማላቸው። ደብሪቱም ተነሥታ ማተሙ የእኔና የሴት ልጆቼ ሥራ ይሁን አለች፤ ጭቃው ሳይደርቅ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ እንዲጠየቅም የጨመረችው እሷ ናት።

ዋልጂ በሰባተኛው ዓመት ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕር ወረደ። አራቱን ማተሚያዎች ይዞ መንኰራኵሩን ለደብሪቱ ተወላት። በመንገድ በንዳድ ሞተ የሚሉ አሉ፤ አርጎቦቹ አገሩ ገባ ይላሉ፣ እኔም ይህን ማመን ይሻለኛል። በመንገድ ላይ ማን እንደቀባው ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አምና እስኪደርቅ ሄጄ ሸንጎ ላይ ደረስኩ። የጎረቤቱን የማሽላ ክምር በእሳት አጋይቷል ተብሎ አንድ ጎልማሳ ተከሷል። ከደብሪቱ ዘር የሆኑት ወይዘሮ እቴነሽ ነሐሱን ነክረው በግንባሩ ላይ አሳረፉት። ነሐሱ ከመዳበስ ብዛት ዳር ዳሩ አልቋል፤ መንኰራኵሩ ግን ደኅና ነው። ሰዉ ሁሉ ሰውየውን ያያል፤ ወይዘሮ እቴነሽ ግን ለሰውየው ጀርባቸውን ሰጥተው ሕዝቡን ነው የሚያዩት።

«የምታውቁት ካለ ሳይደርቅ ተናገሩ» አሉ። ዝም ተባለ። ደገሙት። ዝም።

አጠገባቸው ቆሜ ነበርና በሹክሹክታ «ይህ ሥራ ለእናንተ ቤት መሰጠቱ ትልቅ ክብር ነው» አልኳቸው። ሊያስደስታቸው መስሎኝ ነበር። ሳይዞሩ መለሱልኝ፦ «ምን ክብር አለው፣ ልጄ? ያን ቀን ዝም ያለችው የኛ ናት።»

የተከሳሹ ግንባር ከዳር ዳሩ መንጣት ጀምሯል። ወይዘሮ እቴነሽ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ከኋላ በኩል፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ የከሳሹ የገዛ አጎት ነው አሉኝ ኋላ፣ በምርኩዙ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከሳሹ በክፉ ዓይን አየው። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራረገና «እሳቱ ሲነሣ ይህ ልጅ ከኔ ጋር ወፍጮ ቤት ነበር» አለ።